ሳሙናው ሳይለቀለቅ

አንዲት ሴትዮ ነበረች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአልጋ የማይነሱ እናቷን ይዛ የምትኖር። ስሟን ዘርፌ እንበላት።

እዚያ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። መቼም ፈረቃን ለእናንተ አላስረዳም! ዘርፌ እናቷን ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ ታጥባለች፤ የታጠቡበትንም ውኃ አትደፋውም፣ ሽንት ቤት ትለቅበታለች። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። «ዘርፌ ከነሳፋዋ ነው የምትቀበረው» ይላሉ። እሷ ግን መልስ አታጣም። «እናንተ ብቻ ቅበሩኝ፤ ሳፋውን እኔ እይዛለሁ» ትላቸዋለች።

አንድ እሁድ ጠዋት እናትየው በተኙበት ሽንት አመለጣቸው። አፈሩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዘርፌ አንስታ ሳፋው ውስጥ አስቀመጠቻቸው፣ ጀርባቸውን ሳሙና መታቻቸው። ጆጉን ስታነሳ ባዶ! ጀሪካኑም ባዶ! ያን ጊዜ ቧንቧው ሲንሿሿ ሰማች። ጠብ አለ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ውኃው መጥቷል። መጥቷል፣ ግን ወደ ላይ አይወጣም። ለምን?

«በረደኝ ልጄ» አሉ እናትየው።

«መጣሁ እማዬ» ብላ በፎጣ ጠቀለለቻቸውና ደረጃውን ወረደች።

ምድር ላይ የሚኖሩት የጸሎት መሪው የጋሽ ምንዳዬ በር ጋ ስትደርስ ጆሮዋን ለጠፈች። ውስጥ ውኃው ይንዶለዶላል። ጋሽ ምንዳዬ ምን አድርገው መሰላችሁ? እናንተም የምታደርጉትን! ውኃ ሲጠፋ፣ ሲመጣ እንሰማዋለን ብለው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈቱ፣ ባልዲ ደቀኑበት። ከዚያ ረስተውት በሩን ቆልፈው ወጡ። አንኳኳች፤ የሚመልስ የለም። ሰዉ ሁሉ ግቢው ውስጥ ባለው አዳራሽ ጸሎት ላይ ነው።

እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ሮጣ ሄደች። ጋሽ ምንዳዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጸሎቱን ይመራሉ። «ጌታ ሆይ፣ ውኃ ላክልን!» ሰዉም «አሜን!» ይላል።

«ልኮታል!» አለች ዘርፌ ከበሩ ላይ።

ዓይን ሁሉ ተገለጠ። አንዲት ሴት «እህቴ፣ ጸሎት ላይ እኮ ነን» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ዘርፌ መንጭቃ አስለቀቀች።

«አውቃለሁ! ጋሽ ምንዳዬ፣ ጸሎትዎ ተሰምቷል። ውኃው መጥቶ በመታጠቢያ ቤትዎ በኩል ወደ ፍሳሽ እየወረደ ነው። እናቴ ደግሞ ሳሙናው ጀርባዋ ላይ እየደረቀ ተቀምጣለች። እግዜርን ከመጨቅጨቅዎ በፊት ቧንቧዎን ይዝጉ!»

ጋሽ ምንዳዬ ደነገጡ። «እሺ፣ እሺ... አሜን ብለን እንጨርስና...»

«እናቴን በአሜን ላለቅልቃት? ቁልፍዎን ይያዙና ይነሱ!»

ተነሱ። ምን ያድርጉ? በሩን ከፈቱ፣ ቧንቧውን ዘጉ። ዘርፌ ቆማ ይቅርታ አልጠበቀችም። ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ የራሷ ቧንቧ ሲፈስ ሰማች።

እናትየው ፎጣቸውን እንደለበሱ ናቸው። «የት ቆየሽ ልጄ?»

«ጸሎት ላይ ነበርኩ» አለችና ጆጉን ሞላች።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን የጸለየው ማን ነው? እጁን የዘረጋው ነው ወይስ ያቋረጠችው? እኔ መልሴን ይዣለሁ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ሳሙና ስትመቱ ቧንቧውን ለቃችሁ የምትዘምሩ፣ ጥርሳችሁን እየቦረሻችሁ ውኃውን ዝም ብላችሁ የምታፈስሱ፣ ከእናንተ በላይ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? ከእናንተ በላይ የበረዳቸው አሮጊት ተቀምጠዋል! «ውኃ የእግዚአብሔር ነው» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ነው! ታዲያ የእሱን ውኃ ድፉ ያላችሁ ማን ነው?

ዛሬ ጠዋት ውኃ ጠፍቶ ነበር አይደል? ቧንቧችሁን ዘግታችሁ ነው የመጣችሁት? እርግጠኛ ናችሁ? ያልሆናችሁ አሁኑኑ ተነሱ። አትፈሩ፣ በሩ ክፍት ነው። አሜኑን ስትመለሱ እንለዋለን።