ሃያ ያልሞላው መንገድ

በአንድ ወቅት፣ ብርዷ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ አንዲት የደጋ ከተማ፣ በአንድ ኪራይ ቤት የሚያድሩ ሦስት ሯጮች ነበሩ። ጎዳና፣ ሲራጅ እና ዋቅሹም ይባላሉ። እኔ የሚሮጡበት ጫካ ጥበቃ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ስሙኝና ፍረዱ።

ቡድናቸው ሃያ ሁለት ሯጭ አለው፤ ደንቡም እንዲህ ነው። ጫካ ውስጥ ሰው ለብቻው አይሮጥም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግር በእግር ይከተላል። ንፋሱን ተራ በተራ ይካፈሉታል። የፊተኛው ሲደክመው በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ የኋለኛው ወጥቶ ይቀበለዋል። ሰዓት የሚያስረው ደግሞ አንድ ሰው ነው። እሱ «ሃያ ሞላ» ሲል የሁሉም ሃያ ኪሎ ሜትር ሞላ ማለት ነው።

ሰዓት አሳሪው ጎዳና ነበር። አክስቱ ከዱባይ ያመጣችለት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ስማርት ሰዓት ነበረው። መልእክት ያሳያል። ስልክ ሲደወል ይጮሃል። የእጮኛውን ፎቶ ያወጣል። ሲያሟሙቅ በጮኸ ቁጥር አሰልጣኝ ሞገሴ፣ «ጎዳና፣ ይሄ ሰዓት ነው ወይስ ቢሮ?» ይለው ነበር። ሩጫው ሲጀመር ስልኩን እኔ ጎጆ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ኪሱ ውስጥ እየተወዛወዘ ያስቸግረዋላ። ሰዓቷን ብቻ ይዞ ጫካውን ዞሮ ይመጣል። ጎጆዬ በር ላይ ሲደርስ ሰዓቷ ጢጥ ትላለች። ሃያ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሮጡ።

ከባሕር ማዶ ግማሽ ማራቶን የሚያዘጋጁ ሰዎች ለዚህ ቡድን በዓመት አንድ ቦታ ይሰጣሉ። ለአንድ ሰው ብቻ። አምና የሄደው ሲራጅ ነበር። እስከ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ከመሪዎቹ ጋር ነበረ። አሥራ ስምንተኛው ላይ እግሩ እንቢ አለው። ቆመ። መንገድ ዳር ተቀመጠ። ከተማው ሁሉ በስልክ አየው።

ሲመለስ ስሙ ቀርቶ «አሥራ ስምንት» ተባለ። ባጃጅ ነጂው፣ «አሥራ ስምንት፣ የት ልጣልህ? እስከ አሥራ ስምንት ነው የምትሄደው?» ይለዋል። ሲራጅ አንገቱን ደፍቶ አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም።

ዋቅሹም ሌላ ዓይነት ነው። አባቱ ለመንገድ ሥራ ሰንሰለት እየጎተቱ አስፋልት የሚለኩ ሰው ነበሩ። ልጁ ካምፕ ውስጥ ከኋላቸው እየተከተለ ነው ያደገው። አንድ ኪሎ ሜትር ስንት እርምጃ እንደሆነ እግሩ ያውቃል። ጎዳና «ሃያ ሞላ» ብሎ ሌሎቹ ቱታ ሲለብሱ፣ እሱ ጎጆዬን አልፎ ላዩ ላይ ካለው ትልቅ ጽድ ይደርስና ይመለሳል። ሁልጊዜ መጨረሻ ይገባል። ስሙን «ጭማሪ» አሉት።

አንድ ቀን፣ «ይሄ መንገድ ሃያ አይደለም» አላቸው።

«እና ሰዓቱ ይዋሻል?» አለው ሲራጅ። ተሳሳቁ።

ዋቅሹም ሁለተኛ አልተናገረም። ዝም ብሎ ወደ ጽዱ ይሮጥ ነበር።

ዘንድሮ ተራው የጎዳና ሆነ። የቡድኑ ፈጣን እሱ ነው። አሰልጣኙ ስሙን በእርሳስ ጻፈው። ጎዳና ለእናቱ ነገራቸው። እናቱ ለሰፈሩ ነገሩ።

በዚያው ሰሞን በረጅሙ ሩጫ መሃል የሰዓቷ ባትሪ ሞተ። ሃያ ሁለት ሯጭ ጫካ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ስንት እንደሄዱ፣ ስንት እንደቀራቸው የሚያውቅ ጠፋ። «የጎዳና ቢሮ ተዘጋ!» እያሉ እየሳቁ በእግራቸው ተመለሱ። ጎዳና እልህ ያዘው። ገበያ ወርዶ የምታበራውን ሰዓት ሰጠና ላዩ ላይ ብር ጨምሮ የሯጭ ሰዓት አመጣ። ወፍራም ናት። ጥቁር ላስቲክ ናት። ፎቶ አታወጣም፣ ስልክ አትጠራም። ግን አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ሁለት ሳምንት ትከርማለች። መንገዱን ከሳተላይት ትቀበላለች፣ ልብን ትቆጥራለች፣ ዳገቱንም ትለካለች። «አስቀያሚ ናት፣ ግን ሠራተኛ ናት» አለኝ።

በማግስቱ አስሯት ወጣ። ጎጆዬ በር ሲደርስ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ጢጥ አላለችም። ጎዳና እጁን አየ። እጅጌውን ሳበና ሸፈናት። ከዚያ፣ «ሃያ ሞላ!» ብሎ ጮኸ።

ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ጠይቋል። ነጋዴው የነገረው ይህን ነው፦ የመጀመሪያዋ ሰዓት ያለ ስልኳ መንገድ አታውቅም። የእጅ ውዝዋዜ ቆጥራ ነው የምትገምተው። ዳገት ላይ ደግሞ እርምጃ ያጥራል፣ እጅ ግን ይወዛወዛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሃያ የተባለው አሥራ ሰባት ተኩል ብቻ ነበር።

ጎዳና ይህን ይዞ ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። በጠራራ ፀሐይ ረጅም እጅጌ ይለብስ ጀመር። «ሃያ ሞላ» ሲልም ድምፁ ይቀጥናል።

በዘጠነኛው ቀን ከልምምድ በኋላ ጎጆዬ ደጅ ተቀምጠው ካልሲያቸውን እየጨመቁ ነበር። አንዱ ሲራጅን፣ «አሥራ ስምንት፣ ውኃ አቀብለኝ» አለው። ሲራጅ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ፤ ጀሪካኑንም አነሳ።

ጎዳና ሰዓቱን ፈታና አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

«እንደዚያ አትበሉት» አለ። «መንገዱ ሃያ አልነበረም።»

«ምን?»

«አሥራ ሰባት ተኩል ነው። ካወቅሁ ዘጠኝ ቀኔ።»

ሲራጅ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ እንደቆመ ቀረ።

«አምናም?» አለ።

«አምናም።»

«ጎዳና፣ በእናቴ ለቅሶ ላይ እንኳ በዚያ ስም ጠርተውኛል።»

ጎዳና መሬት መሬት አየ። ሲራጅ ወደ ዋቅሹም ዞረ።

«አንተ ታውቅ ነበር። ስሄድ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ሳቅህ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርከኝ።»

«ስንት ጊዜ ይነገራል?»

ሲራጅ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዋቅሹም የራሱ መልስ እንዳልጣመው ከፊቱ አይቻለሁ።

አሰልጣኝ ሞገሴ ወረቀቱን አወጣና የጎዳናን ስም በላጲስ አጠፋው። «ዓርብ ጠዋት ሦስታችሁ እውነተኛውን ሃያ ትሮጣላችሁ። ቅዳሜ ስም እልካለሁ» አለ። «አንድ ስም።»

ዓርብ ደረሰ። ሰዓቷ አንድ ናት፣ ሯጮቹ ሦስት ናቸው። ጎዳና ከእጁ ፈትቶ ሲራጅ እጅ ላይ ራሱ አሰራት። «አምና ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ አንተ እየው» አለው። ዋቅሹም ሰዓት አልፈልግም አለ።

ያን ቀን ንፋሱ ብርቱ ነበር። ዋቅሹም ከመነሻው ጀምሮ ፊት ወጣ። ሲራጅ ከኋላው እግር በእግር ገባ። ጎዳና ሦስተኛ ሆነ። በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ዋቅሹም እጁን አወዛወዘ፤ ና፣ ተራህ ነው ማለቱ ነው። ሲራጅ አልወጣም። በአሥረኛው ደግሞ አወዛወዘ። ሲራጅ ሰዓቱን አየና ከኋላው ሳይወጣ ቀረ። ጎዳና ሁለት ጊዜ ወጥቶ ለዋቅሹም ንፋሱን ተቀበለለት። በአሥራ ስምንተኛው ላይ የጎዳና እግር ከዳው። ሰውነት የለመደውን ያውቃል። እየተጎተተ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላ ሲራጅ ከዋቅሹም ጥላ ወጣና አለፈው። በአሥር እርምጃ ቀድሞ ገባ። ገብቶም አልጮኸም፤ ጉልበቱን ይዞ አለቀሰ።

ዋቅሹም ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ሁለት ጊዜ ጠራሁህ» አለው።

«ሰዓቱ ልብህን ቆጥብ አለኝ» አለ ሲራጅ። ይህን ሲል ፊቱን አዞረ።

ከሰዓት በኋላ የሚላከውን ስም ለመምረጥ ሣር ላይ ተቀመጥን። አሰልጣኙ፣ የከተማው ሽማግሌ ሐጂ ቱሴ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ልሳነወርቅ፣ አራተኛ እኔ። እኔን የጠሩኝ ጫካውን ስለማውቅ ነው። ሦስቱ ልጆች ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። እርስ በርስ አይተያዩም።

አሰልጣኙ ቀድሞ ተናገረ። «ሩጫ ነው። የቀደመ ቀደመ። ሲራጅ አምና የተዋረደው በራሱ ጥፋት አይደለም። እኛ አሥራ ሰባት ተኩል አሠልጥነን ሃያ አንድ ሩጥ ብለን ላክነው። ስሙን ያጥብ ዘንድ ይሂድ። ልክ ነው፣ ተራውን አልወጣም። ግን እዚያ ማዶ ተራ የሚጠብቅ ማን አለ?»

ሐጂ ቱሴ ጢማቸውን ያዙ። «የተጠለልክበትን ሰው አልፈህ መግባት ድል ነው እንዴ?» አሉ። «ንፋሱን የበላው ዋቅሹም ነው። ሰዓት ሳያስር እውነቱን ያወቀውም እሱ ነው። ሁለት ዓመት እየተሳቀበት ሃያውን ሞልቷል። ዝም ማለቱን እኔም አልወደድኩለትም። ግን የሚሰማ ሲጠፋ ሰው ምን ያድርግ? ዋቅሹም ይሂድ።»

መምህር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ግን ይህን ሁሉ የምንናገረው ጎዳና አፉን ስለከፈተ ነው» አሉ። «ቦታው በእጁ ነበር። እጅጌውን እንደሳበ ቢቀር ማን ያውቅበት ነበር? ዘጠኝ ቀን መደበቁ ነውር ነው። በአሥረኛው ቀንም መደበቅ ይችል ነበር። የራሱን እንጀራ በአፉ አበላሸ። ሰዓቷን ሳይቀር ለሌላ አሰረ። እኛ ሦስተኛ ወጣህ ብለን ብንተወው፣ ከእንግዲህ እዚህ ቡድን ውስጥ እውነት የሚናገር ሞኝ ይገኛል?»

ሦስት ሰው፣ ሦስት ስም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አባባ ጥላዬ፣ የእርስዎ ቃል ይቁረጠው» አለኝ አሰልጣኙ። እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ።

እኔ ምን ልበል? አሁን ለእናንተ የምነግራችሁን ያን ቀን አልነገርኳቸውም። ያ መንገድ ድሮ ሃያ ነበር። የቀድሞው ቡድን ጎማ እያንከባለለ ለክቶታል፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። ትልቁ መታጠፊያ ተቆረጠ። እኔ ገጀራዬን ይዤ በአቋራጭ አዲስ መንገድ መነጠርኩላቸው። መንገዱ እንዳጠረ አውቃለሁ። ጠዋት ጫካውን ዞሬ ስመለስ ፀሐይዋ እንደ ድሮው ከፍ አትልም ነበር። ጎዳና «ሃያ ሞላ» ሲል ግን ዝም አልኩ። ያቺ የምታበራ ነገር ከተናገረች፣ ያልተማረ ሽማግሌ ምን ብሎ ይከራከራል አልኩ። ዋቅሹም ሲሳቅበት ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ሲራጅን አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘሁትም እኔ ነኝ፤ «በርታ ልጄ» ብዬ ትከሻውን መትቼዋለሁ። «አሥራ ስምንት» ብለው ሲጠሩትም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ።

ጎዳና ዘጠኝ ቀን ደበቀ ተብሎ ተወቀሰ። የእኔ ሁለት ዓመት ነው። እሱ ተናገረ። እኔ ሣሩን እየነጨሁ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ፣ «አባባ፣ ዝም አይበሉን እንጂ» አለኝ።

ቀና ስል ሦስቱም ልጆች ዞረው ያዩኛል። ዳኛ ያዩ መስሏቸዋል። ዓይናቸውን መቋቋም አቃተኝ።

ኋላ አሰልጣኙ የጻፈውን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እሱን ይዛችሁ ማሰብ ትተዋላችሁ። ይልቅ እርሳሱ እናንተ እጅ ላይ ነው በሉ። ተዋርዶ፣ በሰው ጥላ ሮጦ የቀደመው ሲራጅ አለ። እውነቱን በእግሩ አውቆ፣ ንፋሱን በልቶ የተቀደመው ዋቅሹም አለ። ደብቆ፣ ኋላም በገዛ አፉ ቦታውን ያጣው ጎዳና አለ። ቦታው አንድ ነው፤ ጠዋት ስሙ ይሄዳል።

እኔ መፍረድ አልቻልኩም። እናንተ እንደ እኔ የምታፍሩበት የሌላችሁ ንገሩኝ፤ ለማን ይገባል?