የምትዘለለው ቃል

ፊታውራሪ ይርዳው በርስት ድንበር የተጣሏቸውን ወንድማቸውን ሊወጉ ጦር አስከተቱ። ካህናቱ መስቀል ይዘው ቢለምኗቸው እንቢ አሉ። ከካህናቱ ኋላ፣ በጠበኛነቱ አገር ያወቀው አንድ ባላገር ሳቅ ሲያመልጠው አዩትና፣ «ደግሞ አንተ ልታስታርቀኝ መጣህ? ባልታረቅ ምን እንደሚደርስብኝ ንገረኝ፤ አለዚያ ትገረፋለህ!» አሉት።

ባላገሩ ጀርባው ቀድሞ ቢያሳክከውም እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እኔ እንኳን ሰው ላስታርቅ ከገዛ ጥላዬም የምጣላ ነኝ። ግን አንድ ብልሃት አለኝ። አባታችን ሆይ ስደግም ‹እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› የምትለዋን እዘላታለሁ። እርስዎም ይዝለሏት። እግዜር ከሰማዎት፣ ወንድምዎን በማሩት ልክ ይምርዎታልና።»

ፊታውራሪ በማግሥቱ ጦሩን በትነው ወደ ወንድማቸው ሽማግሌ ላኩ።