የነብሩ ሁለተኛ ዓይን

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ብሩሹም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ጸጥ ያለ ደን ውስጥ አንዲት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ ዳር ሥዕል የሚሥል ጉሬዛ ይኖር ነበር። ብሩሹን ከገዛ ጅራቱ ፀጉር ሠርቶ፣ ቀለሙን በተልባ ዘይት ለውሶ፣ ያንን ደን ሸራ ላይ ይሥላል።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ከዚያች ምንጭ በቀር ውኃ የለም። ምንጯ ዳር ደግሞ ነብር አለ። የወረደ ስለማይመለስ፣ አውሬው በጥም እየተቃጠለ መውረዱን ተወ። ነብሩም ራበውና ወደ ጉሬዛው መጣ።

"አያ ጉሬዛ፣ ንስሐ ገብቻለሁ። ሥዕልህ ውስጥ አስገባኝና አውሬዎቹ አይተው ይመኑኝ።"

"ወጋችንን ታውቃለህ። ደጉን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ነው የምንሥለው።"

"ሁለቱንም ሣልልኛ! አለዚያ ምሳዬ አንተ ነህ።"

ጉሬዛው ፈርቶ ብሩሹን አነሣ። ብሩሹ ግን፣ "እኔ ያየሁትን ነው የምሥለው። እስክጨርስ ወደ እኔ ብቻ ይመልከቱ፣ ጌታው" አለ።

ነብሩ ተቀመጠ። ከጉሬዛው ኋላ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ድኩላ ከግልገሏ ጋር ተደብቃለች። ነብሩን ቋጥኝ ይጋርድባታል፤ የምታየው ሸራውን ብቻ ነው።

"እማ፣ ጠማኝ።"

"ቆይ ልጄ፣ ሥዕሉ ይለቅ።"

ቆቅ ጮኸች። ነብሩ ዞረ።

"ወደ እኔ፣ ጌታው!"

"ዝንብ ነው፣ ዝንብ" ብሎ ተመለሰ። ብሩሹ ጆሮውን ሣለ።

ጅግራ በረረች። ነብሩ ዞረ።

"ወደ እኔ፣ ጌታው!"

"አንገቴን አሞኝ ነው" ብሎ ተመለሰ። ብሩሹ ጢሙን ሣለ።

"እማ፣ በጥም ሞትኩ!"

"በእመቤቴ ቆየኝ፣ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው።"

ዘወር ስትል ግልገሉ የለም። በጎን ሾልኮ ምንጯ ጋ ደርሷል፤ አፉ ውኃውን ሊነካ ነው። ነብሩ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። ጅራቱ መሬቱን ጠረገ።

"ወደ እኔ፣ ጌታው!"

ነብሩ ዓይኑን ከግልገሉ አልነቀለም። ብሩሹ ያየውን ሣለ። በጎን፣ አንድ ዓይን።

"ልጄ፣ ሽሽ!" ብላ ጮኸች እናት። "አንድ ነው! ዓይኑ አንድ ነው!"

ግልገሉ ዘለለ። ነብሩ ባዶ ውኃ ላይ ተከሰከሰ። ጉሬዛው ብሩሹን ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ።

ነብሩ ውኃው እየተንጠባጠበ ሸራውን አየና፣ "ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?" አለ።

"ዘይቱ ገና እርጥብ ነው፣ ይታረማል" አለ ብሩሹ ከላይ። "ይቀመጡና ወደ እኔ ይመልከቱ።"

ነብሩ ተቀመጠ። ግልገሉ የገባበት ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ግን ዓይኑ ወደዚያው ሄደ። ዘይቱም እንዳለ ደረቀ። ያንን ሥዕል ያየ ማንም አልወረደለትም፤ ነብሩ በራብ ደኑን ለቆ ሄደ፣ አውሬውም ወርዶ ጠጣ።

ልጆቼ፣ ንስሐ ሰው እንዲያይልን የምናሥለው መልክ አይደለም፤ ዓይንን ከክፉ መመለስ ነው። እግዜር ዓይናችንን ይመልስልን።