ሾላ በር ላይ አልቆምም ያለው ባቡር

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት ነበር። ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ከግንቦት መጀመሪያ አንስቶ ሳያባራ ዘነበ፤ የመኪናው መንገድ ጭቃ ሆነ።

አንቺ ያኔ አልተወለድሽም፤ እናትሽ ሆድ ውስጥ ነበርሽ። እኔ አያትሽ ብዙ አላወራም። ይህን ግን አንዴ ልንገርሽ። ሲደጋገም አትሰልቺ፤ ነገሩ ራሱ ተደጋጋሚ ነበር።

እናትሽ ፋናዬ ከከተማ ደወለች።

«አባዬ፣ ሐኪሙ አውቶቡስ ላይ እንዳትወጪ አለኝ። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ለሆድሽ ደግ አይደለም አለ።»

«ባቡሩስ?»

«ባቡሩ ምንም አይል፤ አያንገጫግጭም። ግን እናንተ ጋ አይቆምም።»

«እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። የፋናዬ እናት ከሞተች ቆይታለች። እኔ ግን አለሁ። ቤቱም አለ፤ ጤና ጣቢያውም ከቤቴ ጀርባ ነው። ለገንፎው ገብሱን አስፈጭቼ፣ ቅቤውን አስነጥሬ አስቀምጬ ነበር። የፈለግኩት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ባቡሩ ለአንዲት ደቂቃ ቆሞ ልጄን እንዲያወርድልኝ።

ፈጣኑ ባቡር በማሳዬ ግርጌ ነው የሚያልፈው። ቦታው ሾላ በር ይባላል። ሐዲዱ ሲዘረጋ እዚህ ፌርማታ ይሆናል ተብሎ መሳፈሪያ ተጀመረ። ግማሹ ተገነባ፤ ግማሹ የድንጋይ ክምር ሆኖ ቀረ። ፍየል ይተኛበታል።

ሄጄ ቆምኩ። ባቡሩ ሲመጣ እጄን አነሳሁ።

«አንተ ባቡር፣ ቁም! ካልቆምክ ልጄ አትመጣም።»

«አልቆምም» አለ ባቡሩ። «መሳፈሪያው ሳያልቅ አልቆምም።»

ነፋሱ ባርኔጣዬን ይዞት ሄደ። ባቡር አይናገርም ትያለሽ። ያንቺን ባርኔጣ ቢወስደው ኖሮ በደንብ ትሰሚው ነበር።

ወደ መሳፈሪያው ዞርኩ።

«አንተ መሳፈሪያ፣ ምነው አታልቅም? አንተ ካላለቅህ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

«አላልቅም» አለ መሳፈሪያው። «ግንበኛው ትቶኝ ሄደ።» ፍየሎቹም እንዲያልቅ የፈለጉ አይመስሉም።

ግንበኛው ስሙ ጓዴ ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ከጭቃ ሲፍቅ አገኘሁት።

«ጓዴ፣ ምነው አትገነባም? አንተ ካልገነባህ መሳፈሪያው አያልቅም፤ መሳፈሪያው ካላለቀ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

«ጋሽ እርገጤ፣ በምራቄ ላቡካው እንዴ?» አለኝ። «ሲሚንቶ የለም። ሲሚንቶ ካልመጣ አልገነባም።»

ሲሚንቶው በወረዳው ከተማ መጋዘን ውስጥ ነበር። በጭቃው ሄድኩ። በመስኮት አየሁት፤ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል።

«አንተ ሲሚንቶ፣ ምነው አትወጣም? አንተ ካልወጣህ ጓዴ አይገነባም፤ ጓዴ ካልገነባ መሳፈሪያው አያልቅም፤ መሳፈሪያው ካላለቀ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

«አልወጣም» አለ ሲሚንቶው። «በጀቱ ሳይለቀቅ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ዘበኛው ሰምቶኝ መጣ። «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት አባባ?»

«ከሲሚንቶው ጋር።»

«እርስዎስ ዕድለኛ ነዎት። እኔ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም።»

በጀት የሚባለውን ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። መንግሥት ለባቡሩ ሥራ የሚመድበው ገንዘብ ነው አሉኝ፤ ያለውም ባቡር ጽሕፈት ቤት፣ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው አሉኝ። ገባሁ። መሳቢያው ተቆልፏል። ጎንበስ አልኩ።

«አንተ በጀት፣ ምነው አትለቀቅም? አንተ ካልተለቀቅህ ሲሚንቶው አይወጣም፤ ሲሚንቶው ካልወጣ ጓዴ አይገነባም፤ ጓዴ ካልገነባ መሳፈሪያው አያልቅም፤ መሳፈሪያው ካላለቀ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

«አልለቀቅም» አለ ከመሳቢያው ውስጥ። «ኃላፊው ሳይፈርም አልለቀቅም።»

ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። «አባቴ፣ መሳቢያዬን ምን እያሉት ነው?»

ባርኔጣ ስላልነበረኝ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ምነው አይፈርሙም? እርስዎ ካልፈረሙ በጀቱ አይለቀቅም፤ በጀቱ ካልተለቀቀ ሲሚንቶው አይወጣም፤ ሲሚንቶው ካልወጣ ጓዴ አይገነባም፤ ጓዴ ካልገነባ መሳፈሪያው አያልቅም፤ መሳፈሪያው ካላለቀ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጠኝ።

«አባቴ፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ሰው በሌለበት ላፈስሰው አልችልም። ተሳፋሪ ቆጣሪያችን ሾላ በር ሄዳ ማንም የለም ብላለች። እሷ ካልቆጠረች እኔ አልፈርምም።»

ቆጣሪዋ በሚቀጥለው ክፍል ዳቦ በሻይ እየበላች ነበር። ከእናትሽ በዕድሜ ታንሳለች።

«ልጄ፣ ምነው አትቆጥሪም? አንቺ ካልቆጠርሽ ኃላፊው አይፈርምም፤ ኃላፊው ካልፈረመ በጀቱ አይለቀቅም፤ በጀቱ ካልተለቀቀ ሲሚንቶው አይወጣም፤ ሲሚንቶው ካልወጣ ጓዴ አይገነባም፤ ጓዴ ካልገነባ መሳፈሪያው አያልቅም፤ መሳፈሪያው ካላለቀ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ መሰለዎት? የተቀበሉኝ ፍየሎች ናቸው። ፍየል ልቁጠር?» ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። «በሰኔ አንድ ቀን እመለሳለሁ። ቀኑን አልነግርዎትም፤ ከተነገረ ሰው ለይስሙላ ይሰበሰባል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካገኘሁ እቆጥራለሁ። ካላገኘሁ አልቆጥርም።»

እሑድ ጎረቤት ሁሉ ለእድር ሲሰበሰብ ተነሥቼ ቆምኩ። እኔ እድር ላይ ተነሥቼ አላውቅም።

«ጎረቤቶቼ፣ ምነው ፌርማታው ላይ አትቆሙም? እናንተ ካልቆማችሁ ቆጣሪዋ አትቆጥርም፤ ቆጣሪዋ ካልቆጠረች ኃላፊው አይፈርምም፤ ኃላፊው ካልፈረመ በጀቱ አይለቀቅም፤ በጀቱ ካልተለቀቀ ሲሚንቶው አይወጣም፤ ሲሚንቶው ካልወጣ ጓዴ አይገነባም፤ ጓዴ ካልገነባ መሳፈሪያው አያልቅም፤ መሳፈሪያው ካላለቀ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም።»

«ወይ ጉድ!» አለች ጎረቤቴ እማማ ድንበሯ። «የሚመጣውን ዓመት ወሬህንም ጨምረህ ጨረስከው እኮ እርገጤ!»

ሰው ሳቀ። የሽንኩርት ገበሬው ወልደየስ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አንቆምም ጋሽ እርገጤ። ባቡሩ በማይቆምበት ምን ልንሠራ እንቆማለን?»

ይኸው ነው። ሰው የማይቆመው ባቡሩ ስለማይቆም ነው፤ ባቡሩም የማይቆመው ሰው ስለማይቆም ነው። ዞሬ ዞሬ የተነሣሁበት ደረስኩ።

ሄጄ ማሽላዬ ዳር ተቀመጥኩ። ይዘንባል። አረሙ ከማሽላው እኩል ሊሆን ተቃርቧል። ሰኔ የአረም ወር ነው፤ በእኛ መንደር ደግሞ የሚታረመው በወንፈል ነው። እኔ ዛሬ ያንተን ማሳ አርማለሁ፤ አንተ በተራህ የእኔን ታርማለህ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ስለቸኮለ የሌላውን አስቀድሜ፣ የሁሉንም አርሜ ነበር። የእኔ ብቻ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ወንፈል አለበት።

አረሙን አየሁት። ሐዲዱን አየሁት። ተነሣሁና ወልደየስ ቤት ሄድኩ። እማማ ድንበሯም እዚያ ነበረች።

«እንኳን መጣህ፣ ነገ መኮትኮቻችንን ይዘን አንተ ጋ ነን» አለኝ ወልደየስ።

«አትምጡ» አልኩ። «ወንፈሌን ፌርማታው ላይ ቆማችሁ መልሱልኝ። ሰኔን በሙሉ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት ሰዓት።»

«ወንፈል በአረም ነው እንጂ በመቆም ተመልሶ ያውቃል?»

«ከዛሬ ጀምሮ ያውቃል።»

«ማሽላህስ? አረም ይብላው?»

የጫማዬን ጭቃ በደጃፉ ድንጋይ ጠረግኩ።

«ዓመቱን ምን ልትበላ ነው ሰውዬ?»

እማማ ድንበሯ ፊቴን አየችው።

«ተወው ወልደየስ። ለፋናዬ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽላው ማንም አልጠየቀኝም።

«አንድ ነገር አለ» አልኳቸው። «የትም የማይሄድ ሰው እንዳይቆም። ቆጣሪዋን ልጅ አናታልላትም። መሄጃ ያለው ነው የሚቆመው።»

ተያዩ። ከዚያ እማማ ድንበሯ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔማ ይሄን ዓይኔን ትልቁ ሆስፒታል ባሳየው ብዬ ዓመት አለፈኝ። በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ማን ይደርሳል ብዬ ተውኩት እንጂ።» ወልደየስም ሽንኩርቱ በየክረምቱ ቤት ውስጥ ይበሰብስበታል፤ ትልቋ ልጁም ኮሌጅ ልትመዘገብ ትፈልጋለች። ለካ መንደሩ ሁሉ መሄጃ ነበረው፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው።

ቆሙ። ከድንጋዩ ክምር ላይ ፍየሎቹን አባረው ቆሙ። ባቡሩ መጥቶ ያልፋል፤ ውሃ ይረጫቸዋል። «ቆይ ብቻ! ስትቆም እናገኝሃለን!» ትላለች እማማ ድንበሯ በትሯን እያወዛወዘች። በማግስቱም ይቆማሉ። በማግስቱም ይረጫቸዋል። እኔም ከጥግ እቆማለሁ። የማሳዬ አረም አበባ አወጣ።

አንድ ቀን አንዲት ጃንጥላ በጭቃው ውስጥ ብቅ አለች። ቆጣሪዋ ናት። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። እያንዳንዱን ሰው የት እንደሚሄድ ጠየቀች፤ እያንዳንዱም መለሰ። እማማ ድንበሯ የዓይኗን ነገር ከጅምሩ አንስታ ነገረቻት። በመጨረሻ እኔ ጋ መጣች።

«እርስዎስ አባባ፣ የት ነው የሚሄዱት?»

«የትም አልሄድም። የምትመጣ ልጅ አለችኝ፤ እሷን ነው የምጠብቀው።»

ከንፈሯን ነከሰች። «የሚሳፈር እንጂ የሚጠብቅ አይቆጠርም።»

«አትቁጠሪኝ» አልኳት። «እነሱን ቁጠሪ።»

እናማ ሰዎቹ ቆሙ፤ ቆጣሪዋ ቆጠረች፤ ኃላፊው ፈረመ፤ በጀቱ ተለቀቀ፤ ሲሚንቶው ወጣ፤ ጓዴ ገነባ፣ በምራቁ ሳይሆን በወንዝ ውሃ አቡክቶ፤ መሳፈሪያው አለቀ፤ ባቡሩ ቆመ፤ ልጄ መጣች።

በሐምሌ መጨረሻ ነበር። ባቡሩ እየዘገመ፣ እየዘገመ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ፋናዬ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወረደች።

«አባዬ።»

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

ሻንጣዋን ተቀበልኩ። በማሳው ዳር ቀስ እያልን ሄድን። ቆም አለች።

«አባዬ፣ ማሽላው ምን ነካው?»

«ዝናብ በዛ» አልኩ።

እማማ ድንበሯ ከኋላችን አፏን ከፈተች። ዞር ብዬ አየኋት። መልሳ ዘጋችው።

በነሐሴ አንቺ ተወለድሽ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ስታለቅሺ እቤቴ ሆኜ ሰማሁሽ። እማማ ድንበሯ ገንፎውን እያገነፋች «ስሟን ፌርማታ በሏት!» ትል ነበር። እናትሽ ሳቀች እንጂ እሺ አላለችም። ማሽላውን አረም በላው፤ በዚያ ዓመት ቤቴ የገባው የወልደየስና የሌሎቹ ጎረቤቶች ማሽላ ነው። ማን እንዳመጣው ሳይናገሩ በር ላይ ያስቀምጡት ነበር።

ክርስትናሽ ካለፈ በኋላ ወደ አባትሽ መመለሻችሁ ደረሰ። ባቡሩ ቆሞ ይዟችሁ ሄደ። እኔ ብቻዬን መሳፈሪያው ላይ ቀረሁ። አንድ ፍየል መጥታ ከአጠገቤ ተኛች።

ፍየሏን ሳያት ቆጣሪዋ ትዝ አለችኝ። እሷ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም። ሰው ካልተሳፈረ አትቆጥርም፤ እሷ ካልቆጠረች ኃላፊው አይፈርምም፤ ኃላፊው ካልፈረመ በጀቱ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ በጀቱ ከሄደ ባቡሩ አይቆምም፤ ባቡሩ ካልቆመ ልጄ አትመጣም፤ አንቺም አትመጪም።

እኔ በዕድሜዬ ባቡር ላይ ወጥቼ አላውቅም። የሚሮጥ ነገር አልወድም። ያን ቀን ግን ወሰንኩ።

ቅዳሜ ካፖርቴን ለበስኩ። የተረፈውን የገብስ ዱቄት በከረጢት ቋጠርኩ። ፌርማታው ላይ ከእማማ ድንበሯና ከወልደየስ ሽንኩርት ጋር ተሰልፌ ቆምኩ። ጥግ ላይ አንዲት ጃንጥላ ነበረች።

«አባባ!» አለችኝ ቆጣሪዋ። «ዛሬስ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

ባቡሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

«ልጄ ጋ ደርሼ ልመለስ ነው» አልኳት። «ቁጠሪኝ።»

ወጣሁ።