ከመካነ ንስሐ ቆሎ የጠየቀው ዝንጀሮ

ድሮ ድሮ፣ አውሬና ሰው በአንድ ቋንቋ በሚግባቡበት ዘመን፣ በአንድ የካቶሊኮች መንደር ለተሚካኤል የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ግደይ ከሞተባት ወዲህ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ መቃብሩ አጠገብ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ትንበረከክ ነበር። «ጌታዬ ሆይ፣ ግደይን ከመካነ ንስሐ ቶሎ አውጣልኝ!» እያለችም ታለቅስ ነበር። መካነ ንስሐ ነፍስ ገነት ከመግባቷ በፊት ኃጢአቷ በእሳት የሚጠራበት ቦታ ነው።

ከሾላው ቅጠል ውስጥ ደግሞ አንድ ሆዳም ዝንጀሮ ይኖር ነበር። ጸሎቷን ሰማና ድምፁን አጎርንኖ፣ «ለተዬ! እኔ ነኝ፣ ግደይ!» አላት።

ባልቴቷ መሬት ላይ ተደፋች። «ውይ በሞትኩት! እንዴት ነህ የኔ ጌታ?»

«እሳቱስ ይቻላል፤ ረኃቡ ነው የፈጀኝ። እስቲ ቆሎ! ዛፉ ሥር አስቀምጪና ዞረሽ ሳታዪ ሂጂ። ነፍስ ስትበላ አትታይም።»

ቆሎ አመጣች። በማግሥቱ፣ «እሳቱስ ይቻላል፤ ረኃቡ ነው የፈጀኝ። እስቲ ማር!» አላት። ማር አመጣች። ከዚያም፣ «እሳቱስ ይቻላል፤ ረኃቡ ነው የፈጀኝ። እስቲ ዶሮ ወጥ!» አለ። ያለቻትን አንዲት ዶሮ አሳርዳ፣ እሷ አጥንቱን እንኳ ሳትቀምስ ይዛለት ሄደች።

የመንደሩ ቄስ አባ ላዕከ መንገድ ላይ አገኟትና፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ የከሳሽው?» አሏት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ነፍስ ምን ሆድ አላት ልጄ!» አሉ አባ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። «ጸሎትሽ ይደርሳታል። ወጡ የት እንደደረሰ ግን አንቺው እዪው።»

ለተሚካኤል መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ዶሮዋ ትዝ አለቻትና ደሟ ፈላ። አንድ ሸክም ጭራሮና አንድ እፍኝ በርበሬ ይዛ ወደ ሾላው ገሠገሠች።

«እሳቱስ ይቻላል፤ ረኃቡ ነው...» ብሎ ጀመረ ዝንጀሮው።

«ቆይማ የኔ ጌታ! ለመሆኑ በየትኛው ኃጢአትህ ነው እዚያ የከረምከው?»

ዝንጀሮው ሳያስብ፣ «በሆዳምነት!» አለ።

«ወይ ጉዴ! ሳበላህ እስራትህን ሳረዝምብህ ነበራ! በል ዛሬውኑ ላስወጣህ። እሳቱ እንደሆን ይቻላል ብለሃል» አለችና ጭራሮውን ለኩሳ በርበሬውን በተነችበት።

«ኧረ ለተዬ! እኽ! እኽ!»

«አይዞህ፣ እየጠራህ ነው!»

«ጠርቻለሁ!»

«ትንሽ ይቀርሃል!»

«ኧረ ግደይ አይደለሁም!» እያለ ከነጅራቱ ዱብ አለና ፍሙ ላይ ቁጭ! ጩኸቱን አቅልጦ ወደ ገደሉ ሲፈረጥጥ፣ ለተሚካኤል ከኋላው፣ «ኧረ ገነት በዚያ በኩል አይደለም!» ትለው ጀመር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሲበቃት ዕንባዋን ጠርጋ ተንበረከከችና፣ ለእውነተኛው ግደይ ጸሎቷን ደገመችለት።

የዝንጀሮ መቀመጫ ከዚያን ቀን ወዲህ ጠጉር አላበቀለም። አበውም፣

«በሙታን ስም የጎረሰ፣ ከነሕይወቱ ተጠበሰ» ይላሉ።