የሸክላ ሠሪዋን ስም ያልጻፈው ሹም

ልደትና ሞት ለሚመዘግበው ለክብር መዝገብ ሹምነት የምትሠለጥነው ስንዱ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሕጉ ‹ሹም ማለት›፣ ‹አዋላጅ ማለት› እያለ ለምን ያደክመናል? ይሄን ማን ያጣዋል?» አለች። ሽማግሌው መምህር ፈገግ ብለው ጀመሩ።

አንድ የክብር መዝገብ ሹም ነበረ። ሰው ማስቀየም የማይሆንለት፣ ሆደ ቡቡ ሰው። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት አራስ ልጇን ታቅፋ ልታስመዘግብ መጣች። ምጡ ድንገት ቢመጣባት ያዋለደቻት ጎረቤቷ ሸክላ ሠሪዋ ነበረች፤ እሷም አብራት መጥታለች።

ሹሙ «ማን አዋለዳት?» ብሎ ብዕሩን ሲያነሣ ሸክላ ሠሪዋ ደነገጠች። «ኧረ የኔ ጌታ፣ የእኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል? ነገ ‹የሸክላ ሠሪ እጅ የተቀበለው› እያሉ ይሰድቡታል። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ይጻፉለት» አለች። አንጀቱን በላችው። ምን ክፋት አለው ብሎ የነርሷን ስም ጻፈ። ልጁን ያከበረው መስሎት ደስ ብሎት ዋለ።

ውሎ አድሮ የሟቹ ባሏ ወንድሞች ቤቱን ለመውረስ ፈለጉ። «ልጁን ከሌላ አምጥታው ነው እንጂ አልወለደችም» ብለው ከሰሷት። ዳኛው በመዝገቡ ስሟ የሰፈረውን ነርስ አስጠሩ። ነርሷም እውነቱን ተናገረች። «ያኔ ሌላ አገር ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ ይህችን ሴት አላዋለድኩም» አለች። ወንድማማቾቹ ተጠቃቀሱ። እናቲቱ ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

ሹሙ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ሰማ። ከተናገረ እንጀራው መቆረጡ ነው። የእናቲቱን ፊት አየና ተነሣ። «ክቡር ዳኛ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እያወቅሁ ያላዋለደችውን ጻፍኩ። ልጁን የተቀበለችው ያቻት፣ በሩ ጋ የቆመችው» አለ።

ሸክላ ሠሪዋ ወጥታ ማለች። «እትብቱን በመቀነቴ ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች። ምጡን የሰሙ ጎረቤቶችም መሰከሩ። ልጁ ለእናቱ፣ ቤቱም ለልጁ ተፈረደ። ሹሙ ግን ከሥራው ተሰናበተ።

መምህሩ ወደ ስንዱ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም። አዋላጅነትን ማዕረግ አደረገው፤ ሕጉ የሚፈልገው ግን ልጁን የተቀበለውን ሰው ነው። ሹም ደግሞ የሆነውን ይጽፋል እንጂ አያሳምርም። አንቺም ነገ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። አንዲት ምስኪን ‹የእኔን ስም ተዪው› ስትልሽ እዘኝላት፤ ስሟን ግን ጻፊው። ልጁ የተጨነቀ ቀን ቆማ የምትመሰክርለት እሷ ናት።»