ፀጉር አስተካካዩና የደንበኞቹ እግር

አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ትርሲት፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ሙዚቃ ማቀናበር ስጀምር ሥራዬ ሁሉ ያምረኝ ነበር፤ ይህን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ ግን የምሠራው ሁሉ ያስጠላኛል፤ ልተወው ይሆን?» ነው ያልሽኝ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ፀጉር ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነበር። ሰውየው ከመቀስና ከማሽን ሌላ አንድ ፍቅር ነበረው፤ ሙዚቃ። መሣሪያ መጫወት አያውቅም፣ ድምፁም ለዘፈን የሚሆን አልነበረም። ግን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረው፤ በእሱ ላይ የከበሮውን፣ የባስ ጊታሩን፣ የዋሽንቱን ድምፅ እየደረደረ ሙዚቃ ያቀናብር ነበር። ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ስለሚዘጋ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይውላል። ያስተማረው ሰው የለም፤ እየነካካ፣ እያበላሸ ነው የለመደው።

የመጀመሪያ ሙዚቃውን የጨረሰ ዕለት ብድግ ብሎ ብቻውን ጨፈረ። ከዚያ ጓደኞቹን ጠርቶ አሰማቸው። «አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ የት ተደብቀህ ነው!» አሉት። እነዚህን ጓደኞቹን ፀጉራቸውን የሚቆርጥላቸው በነፃ ነበር። በነፃ የተላጨ ሰው ደግሞ ምስጋና አይሰስትም። እሱ ግን የምሩን አመናቸው፤ ከእንግዲህ ማን ይደርስብኛል አለ።

አንድ ቅዳሜ ሙዚቃውን በታወቁ ዘፈኖች መካከል አስገብቶ በፀጉር ቤቱ ስፒከር ከፈተው። የማን እንደሆነ ትንፍሽ አላለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ከጨርቁ ሥር በእግሩ ወለሉን መታ መታ እያደረገ ዘፈኑን ይከተል ነበር። የፀጉር አስተካካዩ ሙዚቃ ሲጀምር የደንበኛው እግር ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶም ደንበኛው፣ «ወንድም፣ ሬዲዮህ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለ።

ፀጉር አስተካካዩን ላብ አጠመቀው። ያም ሆኖ ያን ዕለት ትልቅ ነገር አገኘ። ወዳጅ ያሞግሳል፣ ምቀኛ ያጣጥላል፤ እግር ግን ይሉኝታ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ የጨረሰውን ሙዚቃ ሁሉ ቅዳሜ ይዞ ይመጣል፤ የእኔ ነው ሳይል ይከፍትና እየቆረጠ በመስታወቱ የደንበኛውን እግር ሰርቆ ያያል።

መጀመሪያ የሠራው ስህተት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። እግሩ የቆመው ሙዚቃው ስላነሰው ነው ብሎ አሰበ። ደወል ጨመረበት፣ ሁለተኛ ከበሮ ጨመረበት፣ ክራር የሚመስል ድምፅ አመጣ፣ በላዩ ላይ ጭብጨባ አፈሰሰበት። ወጡ ጨው በዛበት ሲሉት በርበሬ የሚጨምር ባለሙያ ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እግር መንቀሳቀሱ ቀርቶ፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ጀመሩ። አንዱማ «እዚህ አጠገብ ወፍጮ ቤት ተከፈተ እንዴ?» አለ።

እኔ ይህን ሰው የማደንቀው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነገር ነው። አላኮረፈም፤ ደንበኛው ሙዚቃ አይገባውም ብሎም አልተጽናናም። እግር የሚያንቀሳቅስ አንድ ዘፈን መረጠና ለሳምንታት ከበሮውን ብቻ አደመጠ። ከበሮ መቺው አንዳንዱን ምት ለአመል ያህል ዘግየት እያደረገ እንደሚመታ ደረሰበት። የእሱ ኮምፒዩተር ግን ምቱን ሁሉ እንደ ሰልፈኛ አስተካክሎ ይደረድረዋል። ኮምፒዩተሩ እንዲያስተካክልለት ማድረጉን ተወና ምቱን በገዛ ጣቱ እየመታ ያስገባ ጀመር። በመጀመሪያ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር፤ እያደር ረጋ። ከበሮው ሲረጋለት ወደ ባሱ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ከሁሉም የከበደውን ነገር፣ መቀነስን ተማረ፤ ዋሽንቱ እንዲሰማ ደወሉ አፉን መያዝ እንዳለበት ገባው። እግር ያላንቀሳቀሰለትን ሙዚቃ ሲጠጋግን ዕድሜውን አልጨረሰም። ጨርሶ ያሰማል፣ ይማርበታል፣ ሌላ ይጀምራል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ ዕንቁላሉ ውስጥ ሆኖ መጠበቁ እንዴት እንደሚያሰለች ግን ማንም አይናገርም።

መሰልቸቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ሌላ መከራ መጣበት። አንድ ሰኞ ያን የጨፈረበትን የመጀመሪያ ሙዚቃውን ከፍቶ ሰማው፤ አፈረበት። አዲሱን ሰማው፤ እሱም አስጠላው። ባሱ ከከበሮው ጋር ይጋፋል፣ መሃሉ ላይ ይደክማል፣ መግቢያው ይቸኩላል። እነዚህን ነገሮች ዱሮ ሰምቷቸው አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር መስማት አቃተው። ሚስቱ ታዝባው ኖሮ፣ «ዱሮ ሙዚቃህን ስትጨርስ ትጨፍር ነበር፤ ዛሬ ስትጨርስ ለቅሶ ቤት የዋልክ ትመስላለህ። ምን ነካህ?» አለችው።

«ጠፋብኝ መሰለኝ» አላት። «ከተማርኩ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቅዳሜ አሰማለሁ። እግር ካልተንቀሳቀሰ ኮምፒዩተሩን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ አርፋለሁ።»

ይህን ሲላት ቀልዱን አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንበሩ ላይ በማግሥቱ የሚሞሸር ጎልማሳ ተቀምጧል፤ ሚዜዎቹ ከኋላው ተደርድረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ለሙሽራ የሚገባውን ጥንቃቄ ሁሉ እያደረገ ጎንና ጎኑን ጨርሶ፣ የግንባሩን ዳር ሊያስተካክል ማሽኑን ሲያስጠጋ ሙዚቃው ጀመረ። ወደ ሙሽራው እግር ለማየት ጊዜ አልነበረውም፤ ዓይኑን ከማሽኑ ጫፍ መንቀል አይችልም። ከበሮው ገባ። ባሱ ተከተለ። ዋሽንቱ ብቅ ሲል ሙሽራው ራሱን ነቀነቀ።

ማሽኑ ከግንባሩ ተነስቶ እስከ መሃል አናቱ ድረስ መንገድ ቀደደ።

ከሚዜዎቹ አንዱ «ኧረ በፈጠረህ! ምን አደረግከው?» ብሎ ተንደረደረ። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጠፋ። የሰው ሠርግ አበላሸሁ ብሎ ደነገጠ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ልቡ በደስታ ዘለለች፤ በደስታዋም አፈረባት።

ሙሽራው በመስታወቱ ራሱን አየ። ከዚያ እጁን አንሥቶ ሚዜውን አስቆመው። «ተወው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንገቴ አልታዘዝ አለኝ» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ይሄ ሙዚቃ ግን የማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የእኔ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ሌላ መላ ስላልነበረው የሙሽራውን ራስ ሙልጭ አድርጎ ላጨው፤ ሙዚቃውንም በሚዜዎቹ ጥያቄ ደግሞ ከፈተው። ሙሽራዪቱ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

ሰኞ ሚስቱ ስታየው ኮምፒዩተሩ ፊት ተጎልቶ፣ ያችኑ ሙዚቃ እያዳመጠ ግንባሩን ቋጥሯል። «አንተ ሰው፣ ሙሽራ አንገቱን መቆጣጠር አቃተው፤ አሁንም አልተደሰትክም?» አለችው።

«በጣም ተደስቻለሁ እንጂ» አላት። «ግን መጨረሻው ይንዛዛል።» ይህን ብሎ አዲስ ጀመረ።

እንግዲህ ትርሲት ልጄ፣ ያ ፀጉር አስተካካይ አንቺ ነሽ። ሥራሽ አልከፋም፤ ያደገው ጆሮሽ ነው። ጆሮ ሁልጊዜ ከእጅ ቀድሞ ያድጋል፤ እጅ ሊደርስበት ሲል ደግሞ ፈቅ ይላል። ያ ሰው ጠፋብኝ ባለበት ወራት እጁ ሙሽራን ወደሚያስነቀንቅ ሙዚቃ እየቀረበ ነበር፤ እሱ ግን የሚሰማው ጉድለቱን ብቻ ነበር። ያን ጉድለት የሰማው ጆሮ ነው ምቱን ያረጋለት፣ ደወሉን ዝም ያሰኘለት። ሁሉ ነገርሽ ሲያምርሽ በነበረበት ጊዜ መጥተሽ ልተወው ወይ ብትይኝ ኖሮ፣ ምናልባት ተይው እልሽ ነበር። አሁን ግን መስማት ጀምረሻል፤ መስማት የጀመረ ሰው እንዴት ይተዋል? በይ፣ ያን አስጠላኝ ያልሽውን ሥራ ክፈቺውና የቱ ጋ እንደሚያስጠላሽ አሳዪኝ፤ ዛሬ ከዚያ እንጀምራለን።